«አለቀስሽ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኳቸው

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው። ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 28 ነው። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ሰው ስለ ባሉ፣ ስለ ብድሩ፣ ስለ ወንድሙ ሲጽፍልዎ እያየሁ «የኔን ነገር ምን ብዬ ልጻፈው» እያልኩ ሳመነታ ከረምኩ። የኔ ችግር መጽሐፍ ነው። አንድ መጽሐፍ እጠላለሁ። የምጠላው ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ይህን ከአፌ ያወጣሁት አንዴ ብቻ ነው፣ እሁድ ቡና ላይ፣ ለጓደኞቼ። አቦሉ ገና አልተቀዳም ነበር። አንዷ «ልብ የለሽም ማለት ነው» አለችኝ። ሌላዋ «ሐዲስ አለማየሁን? አንቺ?» ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ቡናው እስከ በረካ ድረስ ስለዚህ ብቻ ተወራ፣ እኔን ግን ለምን እንደጠላሁት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዝም ብያለሁ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አላስቸግርዎትም ነበር። እጮኛ አለኝ። ቤተሰቦቹ ኮምቦልቻ ናቸው። አባቱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ልተዋወቃቸው የሄድኩ ቀን፣ ደሴን በጉም ተሸፍና ትተናት የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ቤታቸው ስንገባ፣ የለበስኩትን ወፍራም ሹራብ ማውለቅ አፍሬ ላቤ ሲወርድ አዩኝና ሰው ሳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ኮምቦልቻ ነው፣ አውልቂው» አሉኝ። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን ወደድኳቸው።

በሁለተኛው ቀን ከመደርደሪያቸው በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ አወጡ። የራሳቸው ነው። ገጹ ቢጫ ሆኗል፣ ጥራዙ በክር ተሰፍቶ በሙጫ ተጣብቋል፣ ውስጡ በእርሳስ የተሰመረበት ብዙ ቦታ አለ፣ በተለይ ጉዱ ካሳ የሚናገርበት ላይ፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። «ይሄን ለማንም አላውስም ነበር። ላንቺ ግን ሰጥቼሻለሁ፣ ያንቺ ነው» አሉኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ይሄ ጥቅምት ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ስሄድ «የት ደረስሽ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር 60ኛው ገጽ ላይ ቆሜ ነበር። ከበዛብህ እናትና አባት ታሪክ ገና አልወጣሁም። «ጨረስኩት ጋሼ» አልኩ። «አለቀስሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እጄን ያዙኝና ለባለቤታቸው «አላልኩሽም?» አሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ደሴ ተመልሼ ውሸቴን እውነት ላድርገው ብዬ ቁጭ አልኩ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሦስት ወር ፈጅቼ ጨረስኩት። አንድም ገጽ አልዘለልኩም። ሲያልቅ አላለቀስኩም። ተናደድኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎ፣ እስከዛሬ የጠየቀኝ የለምና። አንደኛ በዛብህ። ለቤተክርስቲያን በስለት የተሰጠ፣ የተማረ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እሺ። ግን ምን አደረገ? የመጣበትን ሁሉ ተቀበለ። ከሰብለ ጋር መዋደዱ ሲታወቅበት ወደ አዲስ አበባ ሸሸ። ያደገችበትን ቤት ጥላ፣ ወንድ መነኩሴ መስላ፣ በእግሯ አገር አቋርጣ የወጣችው ሰብለ ናት። ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ደግሞ፣ ስንት መንገድ፣ ስንት አገር እያለ፣ እሱ በወንበዴ ተደብድቦ ሊሞት ሲል ታገኘዋለች። ልክ ሊሞት ሲል! እኔ አላመንኩትም። ደራሲው እንድናለቅስ ፈልጎ ያደረገው መሰለኝ።

ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዋናው እቴቴ ናት።

እቴቴ አክስቴ ናት። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወጣት ሳለች ሦስት ሰው ሽማግሌ ልኮባት ነበር። አያቴ አንዱን «ዘሩ አይታወቅም» አለ፣ አንዱን «የሸማኔ ልጅ ነው» አለ፣ አንዱን ምን እንዳለው እንኳ እስከ ዛሬ አልተነገራትም። ከዚያ በኋላ የሚልክ ጠፋ። አያቴ ሞተ፣ እሷ ቀረች። ዛሬም ሆጤ በዚያው ቤት፣ በዚያው ክፍል ናት። አልመነኮሰችም፣ ማንንም ፍለጋ አልወጣችም፣ መቃብሯ ላይ ታሪክ የሚጽፍላት የለም። ማለዳ ተነስታ ቤት ትጠርጋለች፣ ዕጣን ታጨሳለች፣ ከሥራ ስመጣ «እግርሽን ታጠቢ» ትለኛለች። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ እሷን የጠየቀውን ሁሉ እያናናቁ ሲመልሱ ሳነብ የማየው የአያቴን ፊት ነበር። አንድ ማታ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ክፍሏ ሄድኩ፣ ተኝታለች፣ ቆሜ አየኋት። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ውብ ፍቅር ነው» ሲል የሷን ኑሮ ውብ ነው የሚሉኝ ይመስለኛል። ለኔ ምንም ውበት የለውም።

አሁን የመጣው ነገር ይኸውልዎ። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። መልሱ ኮምቦልቻ ይሆናል። ጋሼ ለዘመድ ሁሉ «ምራቴ ይህን መጽሐፍ እንደኔ የምትወድ ናት» ብለው አውርተዋል። በመልሱ ቀን ሰብለ ያለችበትን ክፍል ተነስቼ ለሰው እንዳነብላቸው ይፈልጋሉ። እሳቸው ሲያነቡ እኮ ድምፃቸውን እየቀያየሩ፣ የወጋየሁ ንጋቱን አነባበብ እያስመሰሉ፣ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ሕፃን እንኳ አይንቀሳቀስም። እኔ በዚያ ፊት ቆሜ ምን ልሆን ነው? እጮኛዬ «አንድ ገጽ አንብቢና ገላግይው፣ ሽማግሌ ሰው ምን ታስከፊዋለሽ» ይላል። ለሱ ቀላል ነው።

መጽሐፉን መጥላቴ ጥፋት ነው? ልናገር? ወይስ አንብቤ ልገላገል?

ውሸቷ የከበዳት፣ ከደሴ

*

እህቴ፣

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ እኔ ይህን መጽሐፍ እወደዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ይህን የምልሽ ከጓደኞችሽ ጋር ሆኜ ልቆጣሽ አይደለም። የምወደውን መጽሐፍ የጠላ ሰው ደብዳቤ አንብቤ፣ ከጨረስኩ በኋላ ተነስቼ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ያወረድኩት ዛሬ ገና ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ያሉበትን ገጾች እንደገና አየኋቸው። እቴቴን እያሰብኩ ነው ያነበብኳቸው። ከዚህ በኋላ እሷን ሳላስብ የማነባቸው አይመስለኝም።

መጽሐፍ መጥላት ጥፋት አይደለም። አንቺ ደግሞ እንዲሁ በወሬ አልጠላሽውም። ሦስት ወር ሙሉ፣ ሥራ ውለሽ እየመጣሽ፣ አንድ ገጽ ሳትዘይ አንብበሽ ነው። ከሚያመሰግኑት ሰዎች ብዙዎቹ ይህን አላደረጉም። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ከተማሪ መጽሐፍ ላይ የተቀነጨበውን ነው የሚያውቀው፣ አንዳንዱ ስሙን ብቻ።

አንድ ታሪክ ላጫውትሽ። ቶልስቶይ፣ ሩሲያዊው ትልቁ ደራሲ፣ ሼክስፒርን አይወድም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሞክሯል፣ በሩሲያኛ አነበበው፣ በእንግሊዝኛ አነበበው፣ በጀርመንኛ አነበበው፣ በ75 ዓመቱ እንደገና ሁሉንም አነበበ፣ አሁንም አልወደደውም። እ.ኤ.አ. በ1906 ይህንኑ ጽፎ አሳተመ። ከሁሉ አብልጦ የነቀፈው ስለ ንጉሥ ሊር የተጻፈውን ነው። ሊር ማለት አገሩን ለልጆቹ አካፍሎ ሲያበቃ፣ ክብሩም መጠጊያውም ቀርቶበት ዝናብና ነፋስ ሜዳ ላይ ያገኘው ሽማግሌ ንጉሥ ነው። ዓመታት አልፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ጆርጅ ኦርዌል የሚባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ መልስ ጻፈ። ቶልስቶይ ይህን ሥራ አጥብቆ የጠላው የራሱን ታሪክ ስለሚመስል ይሆናል አለ። ቶልስቶይም በስተርጅናው ርስቴን ትቻለሁ፣ ሀብት አልፈልግም ያለ ሰው ነበር፣ እንዳሰበው ግን ሰላም አላገኘም። በ82 ዓመቱ አንድ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ሄደ፣ መንገድ ላይ ታመመ፣ አንዲት ትንሽ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሞተ።

ደብዳቤሽን ሳነብ የመጣብኝ ይህ ነው። ስለ በዛብህ አንድ አንቀጽ ጻፍሽ፣ ንዴት አለበት፣ ክርክር አለበት። ከዚያ «ዋናው ግን እሱ አይደለም» አልሽ። እቴቴ ጋ ስትደርሺ እጅሽ የተለወጠ ይመስላል። መጽሐፉ የቤትሽን በር ነው የከፈተው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያስጠላል። አንብበሽ ስትጨርሺ እንግዳ ሰው ቤትሽ ገብቶ ገመናሽን አይቶ የወጣ ያህል ነው።

ግን ልከራከርሽ፣ ስለምወደው። አያትሽን የመሰሉትን ሰው መጽሐፉ መቼ አመሰገናቸው? ፊታውራሪ መሸሻ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ተከሳሽ ናቸው። በገዛ ልጃቸው ዕድሜ ላይ ዘር እየቆጠሩ ሲጫወቱ፣ ከገበሬው ላይ የማይገባቸውን ሲጠይቁ፣ መጨረሻ ላይ አበጀ በለው ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ ሲማርካቸው እናያለን። ጉዱ ካሳ ደግሞ ያንን ሁሉ ሥርዓት ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው፣ ለዚህም ነው «ጉዱ» ያሉት፣ እንደ እብድ የቆጠሩት። ይህ በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው፣ ንጉሡ ዙፋን ላይ ሳሉ፣ መሬቱ በባለርስት እጅ ሳለ። የእቴቴን በዳዮች ስም እየጠራ ነው የጻፈው። አንቺን ያስከፋሽ መጽሐፉ ሳይሆን «እንዴት ያለ ውብ ፍቅር ነው» የሚለው አድናቆት ይመስለኛል። እሱን እኔም አልወደውም። ሰብለ ዕድሜዋን የተቀማች ሰው ናት። ያንን አልፎ ፍቅሩን ብቻ የሚያይ ሰው የመጽሐፉን ግማሽ ነው ያነበበው።

በዛብህ ላይ ግን አልስማማም። ፈሪ ነው የምትዪው እሱ የደሃ ልጅ ሆኖ ጌታ ቤት የገባ አስተማሪ ነው፣ ቢቆይ ይገደል ነበር። ደግሞ ነፍስ ሳያውቅ በስለት የተሰጠ ልጅ ነው። ገና አፉን ሳይፈታ «አንተ የራስህ አይደለህም» የተባለ ልጅ፣ አድጎ የራሱን ነገር በእጁ ሊይዝ ሲል እጁ ቢከዳው አልፈርድበትም። እዚህ ላይ አልለቅሽም።

የመንገዱ ነገር ግን እውነትሽን ነው። ልክ ሊሞት ሲል ማግኘቷ እኔንም ሁሌ ይቆረቁረኛል። መጀመሪያውም ረጅም ነው። ሰብለ እስክትመጣ ብዙ መታገሥ ይጠይቃል።

የደብዳቤሽ አንድ መስመር ግን እዚህ ላይ አቆመኝ። ጋሼ የወጋየሁ ንጋቱን አነባበብ ያስመስላሉ አልሽ። መጽሐፉ በሬዲዮ በወጋየሁ ድምፅ ሲተረክ ስንቱ ሰው ሥራ እያስፈታ አንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ሰምቶታል! ለዚያ ሰው የበዛብህ እናትና አባት ታሪክ አይረዝምበትም። ነገ ይቀጥላል ሲባል ሌሊቱ ነው የሚረዝምበት። አንቺ ብቻሽን፣ ማታ፣ ደክሞሽ፣ በዓይንሽ አነበብሽው። እሳቸው ምናልባት በጆሯቸው፣ ከሰው ጋር ሆነው ሰምተውት ይሆናል። ጠይቂያቸው። ማን አጠገብ ተቀምጠው እንደሰሙት ጠይቂያቸው። የሚወዱት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የተሰፋ።

ሌላም መስመር አለ። ያሰመሩት ጉዱ ካሳ ላይ ነው አልሽኝ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። አየሽው ግን አለፍሽው። ፍቅረኞቹ የሚነጋገሩበት ላይ አይደለም፣ ሲያለቅሱ የሚያሰምሩ መስሎሽ ይሆናል። ዘር ቆጠራን፣ ጌታና ሎሌን፣ ያረጀ ልማድን የሚናገረው ሰውዬ ሥር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ለምን እዚያ ላይ እርሳሳቸውን እንደጫኑ ብታውቂ ደስ ይለኛል። ከአንቺ ጋር የሚያጣላችሁ የለም ብዬ እጠረጥራለሁ። አንቺ በእቴቴ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል፣ አንድ ነገር ላይ የተናደዳችሁ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ፣ አላውቃቸውም። ግን ያንን ገጽ ገልጠሽ ጣትሽን አድርገሽ መጠየቅ ምንም አያስከፍልሽም።

አሁን ወደ ውሸቱ። እጮኛሽ «ገላግይው» ያለው ከክፋት አይደለም፣ አባቱን ይወዳል። ቢሆንም አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ከራሴ ልንገርሽ።

እናቴ የሞተች ጊዜ፣ ገና አርባዋ ሳይወጣ፣ አንዲት የምወዳት ጓደኛዬ መጽሐፍ አመጣችልኝ። የትርጉም መጽሐፍ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሐዘን የገዛ ራስሽ ምርጫ ነው፣ ከፈለግሽ ዛሬውኑ ልትተዪው ትችያለሽ የሚል መጽሐፍ ነበር። በዚያ ሰሞን ልብሷን ከቁም ሳጥን ማውጣት አልቻልኩም ነበር። ሃያ ገጽ አንብቤ ወረወርኩት። እንደዚያ የጠላሁት መጽሐፍ የለም። ጓደኛዬ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ ግን «ረድቶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። ምን ልበላት? ከልቧ ነው ያመጣችው። መልሼ ሰጠኋት።

ከዓመት በኋላ አንዲት የሠፈራችን ሴት ልጇ ሞተባት። ጓደኛዬ ያንኑ መጽሐፍ ወሰደችላት። «እሷን ረድቷታል» ብላ፣ እኔን ጠቅሳ። ያቺ እናት ያንን ገጽ ገልጣ ስታነብ አሰብኳት። ሄጄ አልነገርኳትም። ለጓደኛዬም አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ ድረስ ይከነክነኛል፣ መልሴን ብመልሰው ብዬ የምመኘው ቀን ቢኖር ያ ነው።

ያንቺ እንደዚህ አይከፋም። ግን አስቢው፣ በመልሱ ቀን ብታነቢ አያበቃም። በየበዓሉ አንብቢልን ይባላል። ልጅ ስትወልጂ ሰብለ እንበላት ይላሉ። ሰውየው ከሌላ ሴት ጋር ነው ስለ መጽሐፍ የሚያወሩት፣ ከሌለች ሴት ጋር። እውነተኛዋ፣ 500 ገጽ በንዴት የጨረሰችው፣ በደንብ የምትከራከረው፣ እሷን አልተዋወቋትም። አንድ አስተማሪ ሰው ደግሞ እንደዚህ ያለች ምራት አግኝቶ ሳያውቃት ቢቀር ያሳዝናል።

መጽሐፍን በግልጽ መጥላት እንዴት እንደሆነ ያሳየ ሰው አለ፣ ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ አገር በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ቆሞ፣ ነጮቹ ከምርጥ ልብ ወለዶቻቸው አንዱ ነው ብለው በየክፍሉ የሚያስተምሩትን የጆሴፍ ኮንራድን «የጨለማ ልብ» ነቀፈ። አፍሪካዊውን ሰው አላደረገውም አለ። «አልወደድኩትም» ብሎ አልተቀመጠም። ገጽ ገልጦ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፣ እዚህ ጋ ለማን ቋንቋ ሰጠ፣ ለማን ከለከለ እያለ ነው። አንዳንዱ ተቆጣ። ዛሬ ግን ያንን መጽሐፍ የሚያስተምር ብዙ ሰው የአቼቤንም ንግግር አብሮ ያስነብባል። አንቺም ገጽ መግለጥ ትችያለሽ።

እንግዲህ ይህን አድርጊ። እስከ መልሱ ቀን አትጠብቂ። ዕረፍት ያለሽ ቀን ሚኒባስ ተሳፍረሽ፣ ብቻሽን፣ እጮኛሽ ሳይኖር ሐረጎን ውረጂ። ለሱ ግን እንደምትሄጂ ንገሪው፣ ከጀርባው አታድርጊው። ዘመድ በሌለበት ቀን ይሁን። መጽሐፉን ያዢ። ቡና እስኪፈላ ጠብቂ፣ አቦሉን ጠጡ፣ ከዚያ ጀምሪ።

መጀመሪያ ውሸቱን ንገሪያቸው። ስለ መጽሐፉ ያለሽን አስተያየት አታስቀድሚ፣ እሱን ካስቀደምሽ ክርክር ይሆንና ውሸቱ ሳይነሳ ይቀራል። «ጋሼ፣ ታኅሣሥ ላይ ጨረስኩት ያልኩዎት ውሸቴን ነበር። አላለቀስኩም። እንዳላስከፋዎት ብዬ ነው። በኋላ ግን ሙሉውን አንብቤዋለሁ።» ይኸው ነው፣ አታስረዝሚው። ፊታቸው ይለወጥ ይሆናል። ዝም ይሉ ይሆናል። ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩዪ፣ ይቅርታ ጠይቀሽ ተቀመጪ። ሹራብ አውልቂ ያሉሽ ሰው ናቸው፣ እኔ እተማመንባቸዋለሁ።

ከዚያ የጠላሽበትን ንገሪያቸው። የእቴቴን ነገር ለማንሳት ግን አስቀድመሽ እሷን ጠይቂ። ታሪኩ የሷ ነው። «አይሆንም» ካለች አትንገሪ፣ በበዛብህና በመንገዱ ብቻ ተከራከሪ፣ እሱም ይበቃል። «ንገሪ» ካለች ደግሞ ሙሉውን ንገሪያቸው፣ የሸማኔውን ልጅም፣ ለምን እንደተመለሰ ያልተነገራትንም ሰው። መጽሐፉን አንብቢላትም፣ ከፈለገች። ጉዱ ካሳ የሚናገርበትን ብትሰማ ምን እንደምትል እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ። ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ብሎ የሚናገርላት ሰው አላገኘችም።

በመልሱ ቀን የሰብለን ክፍል አታንቢ። ያላመንሽበትን ነገር በሰው ፊት ቆመሽ አታንቢ፣ ድምፅሽ ያሳብቅብሻል። ጋሼ ከተስማሙ ራሳቸው ያንብቡ፣ ድምፁ አላቸው፣ ሰዉም የለመደው እሳቸውን ነው። አንቺ ደግሞ ከልብሽ የምታነቢው ገጽ ካገኘሽ፣ ካሰመሩበት መሃል አንዱን ምረጪ። ካላገኘሽ ቁጭ ብለሽ ስሚ። ምራት ሁሉ ማንበብ የለባትም።

እወደዋለሁ እስክትዪ ድረስ ደግመሽ እንድታነቢው ግን አልመክርሽም። እኔ የምወደውን አንቺ እንደጠላሽ ብትቀሪ ምንም አይጎድልብኝም። ከሃያ ዓመት በኋላም ብትጠዪው የራስሽ ጉዳይ ነው።

መጽሐፉን «ያንቺ ነው» ብለው ነው የሰጡሽ። እንግዲያው እርሳስ ያዢ። የተናደድሽበት ገጽ ላይ፣ በኅዳጉ፣ ለምን እንደሆነ ጻፊ፣ የሳቸው መስመር ካለበት አጠገብ። ቀን አድርጊበት። ከዚያ አንድ ቀን መልሰሽ አውሻቸው።

ለእቴቴ ሰላም በይልኝ።